አለርጂን በጥቂት ሕመም ስለ መፈተን

አለርጂ የሚባለው ደዌ ከውጭ በገባ መርዝ የሚመጣ አይደለም። የሰው አካል ጕዳት የሌለበትን ነገር፣ የአበባ ብናኝ ወይም የዕንቍላል ነጭ ወይም የቤት አቧራ ቢሆን፣ እንደ ጠላት ቈጥሮ ሲቈጣበት የሚነሣ ሕመም ነው። ከዚህም የተነሣ አንዱ በደስታ የሚበላውን ምግብ ሌላው ቢቀምሰው ከንፈሩ ያብጣል፣ ገላው በሽፍታ ይሸፈናል፣ አንዳንድ ጊዜም ጕሮሮው ተዘግቶ እስከ ሞት ይደርሳል። ሐኪም እንዲህ ያለውን በሽተኛ ለመርዳት አስቀድሞ የቍጣውን ምክንያት ማወቅ አለበት፤ ምክንያቱ ካልታወቀ ግን በሽተኛው ከምን መራቅ እንደሚገባው ሊነገረው አይቻልም። በግምት ከሆነ ደግሞ ሁለት ዓይነት ጕዳት ይመጣል፤ ወይ ጐጂው ነገር ሳይታወቅ ይቀራል፤ ወይ ልጁ ሊጠቅመው የሚችለውን ምግብ በከንቱ ይከለከላል።

ለብዙ ዘመን የነበረው የምርመራ መንገድ የተጠረጠረውን ነገር ወደ በሽተኛው ቆዳ አግብቶ ቍጣውን ሆን ብሎ መቀስቀስ ነበር። የምርመራው ሕመም ከዚህ የመጣ ነው። ይህ ጽሑፍ ያ ምርመራ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ ሕመሙም በምን ዘዴ እየቀነሰ እንደ መጣ፣ ሕመም ከቀነሰ በኋላም ምን ችግር እንደ ቀረ ያስረዳል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ1819 ዓ.ም. ጆን ቦስቶክ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በሎንዶን ከተማ በሐኪሞች ማኅበር ፊት ቀርቦ የአንድ በሽተኛ ታሪክ አነበበ። በሽተኛው ከልጅነቱ ጀምሮ በየዓመቱ በጋ በገባ ጊዜ ዓይኑ ይቀላና ያሳክከው ነበር፤ ደጋግሞ ያነጥሰዋል፤ ደረቱም ይጨነቃል። ያ በሽተኛ ራሱ ቦስቶክ ነበረ። ከ9 ዓመት በኋላም እንደ እርሱ የሚታመሙ 28 ሰዎችን ታሪክ ሰብስቦ ጻፈ። ሕዝቡ ደዌውን ከድርቆሽ ጋራ አያይዞ «የድርቆሽ ትኵሳት» ይለው ነበር፤ ቦስቶክ ግን ይህን አልተቀበለም፤ የበጋው ሙቀት የሚያመጣው መሰለው። በዚህ ነገር ከሐኪሙ ይልቅ ገበሬው ወደ እውነቱ ቀርቦ ነበር።

ነገሩን በፈተና የመረመረው ቻርልስ ብላክሊ የሚባል የማንችስተር ከተማ ሐኪም ነው። እርሱም በዚሁ ደዌ የሚሠቃይ ነበርና ሌላ ሰው ሳይፈልግ በራሱ አካል ላይ ሠራ። ቆዳውን በስለት ጫር ጫር አድርጎ በተጫረው ቦታ ላይ በውሃ የራሰ የሣር አበባ ብናኝ አኖረበትና ሸፈነው። በሌላው ቦታ ደግሞ እንዲሁ ጫረ፤ ነገር ግን ብናኝ አላደረገበትም። ብናኙ ያለበት ቦታ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አብዝቶ ያሳክከው ጀመር፤ ዙሪያውም አበጠ፤ ብናኝ የሌለበት ቦታ ግን ምንም አልሆነም። ይህ ሁለተኛው ጭረት በፊተኛው ላይ የተጨመረ ከንቱ ሕመም የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን እርሱ ባይኖር ኖሮ እብጠቱ ከስለቱ ይሁን ከብናኙ ማንም ሊፈርድ አይችልም ነበር፤ እንዲህ ያለ ማመሳከሪያ የሌለው ፈተና ምስክር እንዳልቀረበበት ክስ ነው። ብላክሊ በዚህ ሳይወሰን፣ በገመድ ታስሮ በነፋስ በሚበር የወረቀት ክንፍ ላይ የሚያጣብቅ ነገር የተቀባ መስተዋት አስሮ ወደ ሰማይ እየሰደደ በላይኛው አየር ውስጥ ስንት ብናኝ እንዳለ ቈጠረ። ይህን ሁሉ በ1873 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመ።

«አለርጂ» የሚለው ስም ራሱ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። በ1906 ዓ.ም. ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የሚባል የቪየና የሕፃናት ሐኪም ከግሪክ ቋንቋ «አሎስ» ማለት ሌላ፣ «ኤርጎን» ማለት ሥራ የሚሉትን ሁለት ቃላት አጋጥሞ አወጣው፤ አካል በተለየ አኳኋን ይሠራል ሲል ነው። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1895 ዓ.ም. ዮሴፍ ያዳሶን የተባለ የጀርመን አገር ሐኪም የተጠረጠረውን ነገር በቆዳ ላይ ለጥፎ የሚመረምርበትን ዘዴ አሳይቶ ነበር። ይህ ልጥፍ መርፌም ስለትም አይፈልግም። ታዲያ ሕመም የሌለበት ፈተና ከጥንት ጀምሮ ከነበረ ለምን በርሱ ብቻ አልተሠራም? ቢባል፣ ልጥፉ የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ ስለ ሆነ ነው። በጌጥ ብረት ወይም በቅባት ወይም በቀለም ንክኪ ቀስ ብሎ የሚመጣውን የቆዳ ቍስለት ለማወቅ ይጠቅማል፤ ለዚህም ሁለት ቀን ያህል ተለጥፎ ይቈያል። በደቂቃ ውስጥ የሚነሣውን የምግብና የብናኝ ቍጣ ግን አይገልጥም።

ስለዚህ ሐኪሞች የብላክሊን መንገድ ተከተሉ። በ1911 ዓ.ም. በሎንዶን ሊዮናርድ ኑን የሚባል ሐኪም በውሃ የተበረዘ ብናኝ በበሽተኛው ዓይን ውስጥ እያንጠባጠበ ዓይኑ በስንተኛው ብርዝ እንደሚቀላ ይመለከት ነበር፤ በዚህም የቍጣውን ልክ ይመዝን ነበር። በ1912 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ዮርክ ኦስካር ሽሎስ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ዕንቍላልና አጃ የማይስማሙትን አንድ ልጅ ቆዳውን እየጫረ መርምሮ የምግብ አለርጂን በዚህ ዘዴ አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ የመጫር ፈተና በየሐኪም ቤቱ ተስፋፋ። ከመጫርም አልፎ የተጠረጠረውን ነገር በቀጭን መርፌ በቆዳው ንብርብር ውስጥ መጨመር ተለመደ። ለአንድ ነገር አንድ መርፌ ብቻ ቢሆን በተቻለ፤ ነገር ግን የሚጠረጠረው ብዙ ነው፤ የሣሩ ዓይነት፣ የዛፉ ዓይነት፣ የእንስሳው ጠጕር፣ የምግቡ ዓይነት። ትንሽ ልጅ በአንድ ቀን አሥርና ሃያ ጊዜ ሲወጋ፣ እናቱ እጁን ስትይዝ ሌላው ደግሞ እግሩን ሲይዝ፣ ያ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ የሐኪም ቤቱን ደጅ ሲያይ ማልቀስ ቢጀምር አያስደንቅም። መርፌው ከሕመሙ ሌላ አደጋም ነበረበት፤ በጣም በሚቈጣ አካል ውስጥ መጠኑ የበዛ ነገር ሲገባ ቍጣው በመላው ሰውነት ተነሥቶ የሞቱ ሰዎች አሉ። በዚህ ምክንያት ዛሬ ምግብ ነክ ለሆነ ምርመራ በቆዳ ውስጥ መርፌ አይሰጥም።

ሕመሙን ከልጁ ለማራቅ የተገኘው አንዱ መንገድ እጅግ የሚያስገርም ነው። በ1921 ዓ.ም. በብሬስላው ከተማ፣ ዛሬ ቭሮትስዋፍ ተብላ በፖላንድ ውስጥ በምትገኘው፣ ካርል ፕራውስኒትስና ሃይንስ ኩስትነር የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ነበሩ። ኩስትነር የተቀቀለ ዓሣ ቢበላ ይታመማል፤ ፕራውስኒትስ ግን ዓሣ ምንም አያደርገውም። ከኩስትነር ደም ላይ የደሙን ውሃ ለይተው ጥቂት ጠብታ በፕራውስኒትስ የሆድ ቆዳ ውስጥ ጨመሩ። በማግሥቱ በዚያው ቦታ ከዓሣ የተዘጋጀ ፈሳሽ ቢጨምሩበት ቆዳው ወዲያው ቀላ፣ አበጠም፤ የደም ውሃው ባልተሰጠበት በሌላው ቆዳው ግን ምንም አልታየም። በዚህ ሁለት ነገር ታወቀ። መጀመሪያው፣ የቍጣው ሥር በደም ውሃ ውስጥ የሚዞር አንድ ነገር መሆኑ ነው፤ ምን እንደ ሆነ ግን ገና ስም አልነበረውም። ሁለተኛውም፣ በሽተኛው ሳይነካ ሌላ ሰው በርሱ ፈንታ ሊፈተን መቻሉ ነው።

ሐኪሞችም ይህን ይዘው ለጨቅላ ሕፃናትና ገላቸው ሁሉ በቍስል ለተሸፈነ በሽተኞች፣ ከደማቸው ጥቂት ወስደው በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ ይመረምሩ ጀመር። ወላጅ ስለ ልጁ ቆዳውን ይሰጥ ነበር። የፍቅር ሥራ መሆኑ አይካድም፤ ዳሩ ግን ሕመሙ ከአንዱ ወደ አንዱ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ኋላም ከደም ውሃው ጋራ የጉበት በሽታ ወደ ጤነኛው እንደሚተላለፍ ስለ ታወቀ ይህ ዘዴ ተተወ።

ሕመሙን በእውነት የቀነሰው ሥራ አለርጂን ለመመርመር ታስቦ የተጀመረ አልነበረም። ቶማስ ሉዊስና ሮናልድ ግራንት የተባሉ የሎንዶን ሐኪሞች ቆዳ ሲጫርና ሲጐዳ ለምን እንደሚቀላና እንደሚያብጥ ይመረምሩ ነበር። በ1924 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ ሂስታሚን የሚባለውን ነገር አንዲት ጠብታ በቆዳ ላይ አድርገው በጠብታው ውስጥ በመርፌ ጫፍ ቆዳውን ጠቅ ቢያደርጉት ሦስት ምልክት በተራ እንደሚታይ ገለጡ። አስቀድሞ የተወጋው ነጥብ ይቀላል፤ ቀጥሎ ዙሪያው በሰፊው ይቀላል፤ በመጨረሻም መካከሉ ነጣ ብሎ ያብጣል። ሂስታሚን የተባለው በአለርጂ ጊዜ አካል ራሱ የሚያፈስሰው ነገር ነው። ማስት የሚባሉ ሕዋሳት በቆዳ፣ በአፍንጫና በሳንባ ውስጥ ተዘርተው ይኖራሉ፤ የሚያስቈጣቸው ነገር ሲነካቸው ይዘውት የነበረውን ሂስታሚን ይለቃሉ፤ ማሳከኩ፣ ማስነጠሱና እብጠቱ ከዚህ ይመጣል።

ከዚህ የተገኘው የመውጋት ፈተና ዛሬ በየአገሩ የሚሠራበት ነው፤ ሥርዓቱም እንዲህ ነው። በክንድ ውስጠኛ ገጽ፣ ወይም ትንሽ ልጅ ከሆነ በጀርባው ላይ፣ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር እያራራቁ ጠብታዎች ያኖራሉ። በእያንዳንዱ ጠብታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ጫፍ ባለው መውጊያ ቆዳውን ጠቅ ያደርጉታል፤ ለእያንዳንዱም አዲስ መውጊያ ይወስዳሉ። ደም መታየት የለበትም፤ ከታየ ውጊያው ጠልቋል ማለት ነው። ከጠብታዎቹ አንዱ ሂስታሚን ነው፤ ቆዳው መልስ መስጠት እንዲችል ይመሰክራል። አንዱ ደግሞ ጥቂት ጨው ያለበት ውሃ ብቻ ነው፤ ይህ የብላክሊ ሁለተኛ ጭረት ነው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቈይተው እብጠቱን በሚሊ ሜትር ይለካሉ፤ ከጨው ውሃው ቢያንስ በ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ እብጠት እንደ አዎንታ ይቈጠራል። የማሳከክን ስሜት የሚያበርዱ የአለርጂ ክኒኖች ምልክቱን ስለሚያጠፉ ከምርመራው ቀናት አስቀድሞ፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው፣ መተው አለባቸው። ፈተናው ቀላል መስሎ ቢታይም በቤት የሚሠራ አይደለም፤ አልፎ አልፎ ቍጣው በመላ ሰውነት ሊነሣ ስለሚችል አድሬናሊን የሚባለው መድኃኒትና እርሱን መስጠት የሚያውቅ ሰው በአጠገብ መኖር አለበት።

ሕመሙ የቀነሰው ስለ ምን ነው? ቢባል፣ ውጊያው ሕመም የሚሰማው ነርቭ ወደ በዛበት ወደ ጥልቁ ቆዳ ስለማይዘልቅና የሚገባውም ነገር እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ነው። በመውጋት ፈተና ወደ ቆዳ የሚገባው ፈሳሽ አንድ ሚሊ ሊትር በሚሊዮን ቢከፈል ከዚያ ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነው። በቆዳ ውስጥ የሚሰጠው መርፌ ግን ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊ ሊትር ያገባል፤ ስለዚህ ፈሳሹን ከመቶ እስከ ሺህ እጥፍ ማቅጠን ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ። መርፌው ጥልቅ ስለ ሆነ እውነትን አብልጦ የሚያወጣ ይመስላል፤ እንዲያውም ጥቂቷን ቍጣ ሁሉ ይቀሰቅሳል። ነገር ግን አብዝቶ የሚቀሰቅስ ፈተና ያልታመመውንም ታመመ ይላል፤ የፈሳሹ ብዛት ብቻውን ቆዳውን ያስቈጣዋልና። ቀላሉ ውጊያ ደግሞ በእውነት የሚታመመውን ካልታመመው የተሻለ ይለያል። በዚህ ሥራ ርኅራኄና ትክክለኛነት እርስ በርሳቸው አልተጣሉም። ሕመምን የሚያበዛ ምርመራ ሁሉ የጠለቀ ዕውቀት ያመጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

በ1970ዎቹ ዓመታት በሎንዶን ጃክ ፔፒስ የሚባል ሐኪም ዘዴውን ደግሞ አሻሻለው፤ መርፌውን አጋድሞ በጫፉ የላይኛውን ቆዳ በቀስታ ከፍ ማድረግ ብቻ እንዲበቃ አሳየ። ቀጥሎም ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይገቡ ትከሻ ያላቸው መውጊያዎች ተሠሩ። ብዙ ጫፍ ያላቸውና ስምንት ወይም አሥር ቦታ ባንድ ጊዜ የሚወጉ መሣሪያዎችም አሉ፤ ለሚፈራ ልጅ ፈጥኖ ማለቁ ይጠቅማል፤ ዳሩ ግን ከነዚህ አንዳንዶቹ ከአንድ ጫፍ መውጊያ ይልቅ የሚያሙ ሆነው ተገኝተዋል።

ደግሞም ቆዳውን የሚያደነዝዝ ቅባት አስቀድሞ ቢቀባስ? የሚል አሳብ መጣ። ሊዶካይንና ፕሪሎካይን የሚባሉ ሁለት ማደንዘዣዎች የተቀላቀሉበት ቅባት ከምርመራው አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይቀባል። ሕመሙ በእርግጥ ይቀንሳል፤ ነገር ግን በእብጠቱ ዙሪያ የሚታየው ሰፊ መቅላትም አብሮ ይቀንሳል። የዚህን ምክንያት ሉዊስ ቀድሞ ደርሶበት ነበር፤ ያ መቅላት በነርቭ በኩል የሚመጣ ነው፤ ነርቩ የሞተበት ቆዳ አይቀላም። ሕመሙና ምልክቱ በአንድ መንገድ የሚሄዱ ጎረቤቶች ናቸውና አንዱን ሲያስተኙት ሌላውም ያንቀላፋል። ደግነቱ እብጠቱ ራሱ እምብዛም አይለወጥም፤ ስለዚህ ቅባቱን የተጠቀመ ሐኪም መቅላቱን ትቶ በእብጠቱ ይፈርዳል።

በፕራውስኒትስ ሆድ ላይ የታየው ስም የሌለው ነገር እስኪታወቅ ድረስ ከ40 ዓመት በላይ አለፈ። በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ ይሠሩ የነበሩ ኪሚሺጌ ኢሺዛካና ቴሩኮ ኢሺዛካ የሚባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት ነገሩን ለይተው አገኙት። በስዊድን አገር በኡፕሳላ ደግሞ ሃንስ ቤኒክና ዮሃንሶን የሚባሉ ሊቃውንት በሌላ መንገድ እዚያው ደረሱ። በ1968 ዓ.ም. በሎዛን ከተማ በዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ ሁለቱ ግኝቶች አንድ መሆናቸው ታውቆ ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ ተብሎ ተሰየመ። ይህ ነገር በደም ውስጥ ካሉት መሰሎቹ ሁሉ እጅግ ያነሰ ነው፤ ሳይገኝ የቈየውም ስለዚህ ነው። በማስት ሕዋሳት ላይ ተሰክቶ ይኖራል፤ የሚያውቀው ነገር፣ ብናኝ ቢሆን ዓሣ ቢሆን፣ ሲመጣ ይዞት ሕዋሱን ያስቈጣል።

ስሙ ከታወቀ በኋላ ቍጣውን በበሽተኛው ቆዳ ላይ መቀስቀስ የግድ መሆኑ ቀረ። ገና በ1967 ዓ.ም. የስዊድን ሊቃውንት የደም ምርመራ አወጡ። የተጠረጠረውን ነገር፣ ለምሳሌ የዕንቍላል ነጭ፣ በማይሟሟ ነገር ላይ ያጣብቁታል፤ የበሽተኛውን የደም ውሃ ያፈስሱበታል። በደሙ ውስጥ ዕንቍላልን የሚያውቅ ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ ካለ፣ ዓሣ በመንጠቆ እንደሚያዝ በዚያ ይያዛል፤ የቀረው ታጥቦ ይሄዳል። የተያዘውንም ጨረር በሚሰጥ ምልክት ለክተው መጠኑን ያውቁታል፤ ኋላ ግን በጨረሩ ፈንታ ሌሎች ምልክቶች ተተኩ። በዚህ ምርመራ የአለርጂ አደጋ አይደርስበትም፤ ቍጣው የሚነሣው በብርጭቆ ውስጥ ነውና። ክኒን መተው አያስፈልገውም። ገላው በቍስል የተሸፈነም ሊመረመር ይችላል። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህም በትንሽ መስተዋት ላይ ከመቶ የሚበልጡ ነገሮችን ነጥብ ነጥብ አድርገው አስቀምጠው፣ በ30 ማይክሮ ሊትር የደም ውሃ፣ ይኸውም ከአንዲት ጠብታ ባነሰ፣ ባንድ ጊዜ የሚመረምሩበት መሣሪያ ተገኝቷል። ሆኖም ደም ከደም ሥር መቅዳትም ያው መርፌ ነው፤ ሥሩ ለማይታይ ጨቅላ ሕፃን ከመውጋት ፈተናው የበለጠ ሊያስጨንቀው ይችላል፤ ዋጋውም ይበልጣል፤ መልሱም በ20 ደቂቃ አይገኝም።

ከሕመሙ ይልቅ የከበደው ችግር ግን ሌላ ነው። ቆዳው ቢያብጥ ወይም በደሙ ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ ቢገኝ፣ አካሉ ነገሩን ያውቀዋል ማለት ነው እንጂ በበላው ጊዜ ይታመማል ማለት አይደለም። ለምግብ በሚደረገው የመውጋት ፈተና፣ ፈተናው «የለም» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የታመነ ነው፤ «አዎን» ሲል ግን ግማሽ ያህሉ ሰዎች ምግቡን በልተው የማይታመሙ ሆነው ይገኛሉ። የሆድ ትላትሎች ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢን እጅግ ስለሚያበዙ፣ ትል በበዛበት አገር ጠቅላላ መጠኑ ብቻ ተለክቶ ስለ አለርጂ ሊፈረድ አይገባም። በኢትዮጵያም በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ገጠር የተደረገና በ1997 ዓ.ም. ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ምርምር አለ። ሊቃውንቱ ሰዎቹን ስለ አስም ከመጠየቅ ጋራ ቆዳቸውንም በመውጋት ፈተና መርምረዋል፤ አስምም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ ተገኝቷል። ቆዳን መፈተን ብቻውን ስለማይበቃ ሕመሙን መጠየቅና ታሪኩን መስማት እንዲህ ባለው ሥራ ምን ጊዜም አይቀርም። ልጁ ምን እንደ በላ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደ ታመመ፣ ስንት ጊዜ እንደ ደረሰበት አስተውሎ ለሐኪም የሚናገር ወላጅ ወይም መምህር ብዙ ውጊያ ያስቀራል፤ ይህም ምርመራ ምንም ሕመም የለበትም።

ታሪኩና ፈተናው ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚፈርደው ምግቡን ራሱን በሐኪም ፊት በጥቂት በጥቂቱ መቅመስ ነው። በ1976 ዓ.ም. ቻርልስ ሜይ የሚባል አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም ይህን በሥርዓት አደረገው፤ ምግቡን ውስጡ በማይታይ እንክብል ደበቀ፤ ሌላ እንክብል ደግሞ ምግቡ የሌለበት አዘጋጀ፤ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ልጁም የሚመለከተው ሐኪምም እንዳያውቁ አደረገ። አጥብቀው ይታመማሉ ከተባሉት ብዙዎቹ ምንም ሳይሆኑ ቀሩ። ይህ መርፌ የለበትም፤ ነገር ግን ፍርሃት አለበት፤ በእውነት የሚታመመውን ልጅ ያሳምመዋል።

ለፔኒሲሊን በዚህ አቅጣጫ መልካም እርምጃ ተገኝቷል። «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ከሚሉት ሰዎች፣ ሲመረመሩ፣ ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት በደኅና የሚወስዱት ሆነው ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም ስሙ የተለጠፈባቸው በልጅነታቸው በወጣ አንድ ሽፍታ ምክንያት ነው። ቀድሞ ሁሉም በቆዳ ውስጥ መርፌ ይመረመሩ ነበር። በ2023 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ በተደረገ ፈተና አደጋቸው ዝቅተኛ መሆኑ በጥያቄ የተለየ 382 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ፤ ግማሾቹ አስቀድሞ በቆዳ መርፌ ተመረመሩ፣ ግማሾቹ ግን በሐኪም ፊት መድኃኒቱን በቀጥታ ዋጡ። ከሁለቱም ወገን መድኃኒቱን ወስዶ ቍጣ የታየበት አንድ አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ላሉት ሰዎች መርፌው የማያስፈልግ ሆኖ ተገኘ። ይህ ግን በጥያቄ ለተለዩትና በሐኪም ቤት ለሚመረመሩት ብቻ ነው፤ በፔኒሲሊን ትንፋሹ ተዘግቶ የሚያውቅ ሰው ከዚህ ወገን አይደለም።

ሕመም የለውም ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ደግሞ ምርመራ አይደለም። ከጠጕር ዘለላ አለርጂን እናውቃለን የሚሉ አሉ፤ ኢሚዩኖግሎቡሊን ጂ የሚባለውን ሌላ ነገር ከደም ለክተው ረጅም የተከለከለ ምግብ ዝርዝር የሚሰጡም አሉ። ይህ ሁለተኛው ነገር ሰው የሚበላውን ምግብ አካሉ ማወቁን የሚገልጥ እንጂ የደዌ ምልክት አይደለም። መርፌው ባይኖርበትም ጕዳት አለበት፤ ልጅ ወተትና ዕንቍላል ያለ ምክንያት ይከለከላልና።

በዛሬው ዘመን የሚደከምበት ሥራ የመቅመሱን ፍርድ ከልጁ አፍ ወደ ብርጭቆ ማዛወር ነው። ቤዞፊል የሚባሉ የደም ሕዋሳት እንደ ማስት ሕዋሳት ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ ይሸከማሉ። ከልጁ ጥቂት ደም ተወስዶ ሕዋሳቱ ሕያዋን ሳሉ ከለውዝ የተዘጋጀ ፈሳሽ ይጨመርባቸዋል፤ ከተቈጡ በገጻቸው ላይ አዲስ ምልክት ይወጣል፤ ያም በመሣሪያ ይቈጠራል። በሎንዶን በኪንግስ ኮሌጅ አሌክሳንድራ ሳንቶስና ባልንጀሮቿ በ2014 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ ይህ ምርመራ በለውዝ የሚታመመውን ልጅ፣ ለውዝን አካሉ ከሚያውቀው ነገር ግን ከማይታመመው ልጅ ለይቶ እንደሚያሳይና ብዙ ልጆችን ከመቅመስ ፈተና እንደሚያድን አሳይተዋል። ሕዋሳቱ ግን ከአካል ከወጡ በኋላ ብዙ አይቈዩም፤ ደሙ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት፤ ከመቶ ሰዎችም የጥቂቶቹ ሕዋሳት ለምንም ነገር መልስ አይሰጡም። ስለዚህ ሌሎች ሊቃውንት በቤተ ሙከራ ያደጉ ማስት ሕዋሳትን አዘጋጅተው የልጁን የደም ውሃ ብቻ ይጨምሩባቸዋል፤ የደም ውሃ ቀዝቅዞ ከሩቅ አገር ሊላክ ይችላልና። በፕራውስኒትስ ሆድ ላይ የተደረገው ያው ነገር ነው፤ ቆዳውን የሚያውስ ሰው ግን አያስፈልግም።